እውነት ወይስ ተረት? «መስመሩ ከታየ ሥዕሉ አላለቀም»

መቱ ላይ አንድ ወጣት የሶር ፏፏቴን በከሰል ሣለ። ውሃው ምንም ያልነካው ነጭ ወረቀት ነው፤ በዙሪያው ያለው ደን ግን በተደራረበ፣ በተጣደፈ ጭረት ጠቁሯል። ኢንተርኔት ላይ ወዳለ የሥዕል ማኅደር ሊጭነው ሲል ጓደኛው «ታጉ ላይ ‹ያላለቀ› በልበት፤ መስመሩ ሁሉ ይታያል እኮ» አለው።

ተረት ነው። የፏፏቴውን ፍጥነት የተሸከመው ያ ጭረት ነው። በጣት አሽተው ቢያለሰልሱት ደኑ ጥቁር ግድግዳ ሆኖ ይቀራል። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከ1957 እስከ 1961 እ.ኤ.አ. ኮሎኝ፣ ጀርመን ተምረው ሲመለሱ የብሩሻቸውን ዱካ ለመደበቅ አልሞከሩም። ሥራቸውን «ያላለቀ» የሚል ዛሬ ማን አለ?

በእርግጥ ያላለቀ ሥዕልም አለ። በብራና መጻሕፍት ውስጥ ንድፉ ወጥቶ ቀለም ሳይገባበት የቀረ ሥዕል ይገኛል፤ እዚያ ላይ ቃሉ ልክ ነው። በዚያው ብራና ላይ ግን ጸሐፊው በወስፌ ወግቶ ያለ ቀለም ያሰመራቸው መስመሮችም ይታያሉ። እነዚህ ጽሑፉ የሚሰደርባቸው ናቸው እንጂ ንድፍ አይደሉም። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የተሰናዳውን «መዝገበ ሥዕላት» የመሰለ የኢትዮጵያን ሥዕል በፎቶ የሚያሳይ ማኅደር ለከፈተ ሰው ይህን መለየት ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ታግ ዓይን ያየውን ይናገር፦ «ሻካራ መስመር»፣ «የሚታይ ጭረት»፣ «የብሩሽ ዱካ»። «ስኬች» የሚለው ለዝግጅት ንድፍ ይቆይ። ፍርዳችንን ታግ ካደረግነው፣ ከሰል አያያዝ ሊማር የሚፈልግ የጎሬ ወይም የበደሌ ተማሪ «የከሰል ጭረት» ብሎ ሲፈልግ ያንን ሥዕል አያገኘውም። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

«ስካን ካደረግሁት ምንም አይጠፋም» የሚሉም አሉ። ይጠፋል። የስልክ የሰነድ ስካነር ወረቀቱን ለማንጣት ብሎ ቀጭኑን ግራጫ ጭረት እንደ ቆሻሻ ሊጠርገው ይችላል። የዚያ ወጣት የመጀመሪያ ፎቶ እንዲህ ሆኖ ነበር፤ ከደኑ ጫፍ ቅጠሎቹ ጠፍተዋል። ሥዕሉን መስኮት አጠገብ አስቀምጦ፣ ያለ ፍላሽ፣ በተራ ካሜራ ደግሞ አነሳው። ቅጠሎቹ ተመለሱ። ታጉንም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጻፈው፦ ከሰል፣ የሚታይ ጭረት፣ ሶር ፏፏቴ።