«ማዛግራን» ስለ ተባለው የቀዘቀዘ ቡና አመጣጥና በየአገሩ ስላለው ልዩነት

ቡናን በትኩሱ መጠጣት የአባቶቻችን ልማድ መሆኑ የታወቀ ነው። አቦል፥ ቶና፥ በረካ እየተባለ ሦስት ጊዜ ሲቀዳ እንፋሎቱ ካልታየ ጠጪው አይደሰትም፤ ለእንግዳ የበረደ ቡና ማቅረብም እንደ ንቀት ይቈጠራል። ይሁን እንጂ ቡናችንን የሚገዛው የውጭ አገር ሰው የሚጠጣው በእኛ ልማድ ሳይሆን በራሱ ልማድ ነው። ስለዚህ ሸቀጡ ከእጁ ከወጣ በኋላ ምን እንደሚሆን ማወቅ ለነጋዴ ትርፍ እንጂ ጉዳት የለውም። በዚህም ምክንያት ከቀዘቀዙ የቡና መጠጦች መካከል ብዙዎች በዕድሜ ቀዳሚ አድርገው ስለሚቈጥሩት ስለ «ማዛግራን» ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ለመግለጽ አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ማዛግራን በምዕራብ አልጄሪያ ከሞስታጋኔም ወደብ አጠገብ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ፈረንሳይ በ1830 ዓ.ም. ጦሯን በአልጄሪያ ካሳረፈች በኋላ ኤሚር አብደልቃድር አገሩን ለማስከበር ብዙ ዓመት ተዋግቷል። በየካቲት 1840 ዓ.ም. በሻምበል ለሊየቭር የሚመሩ 123 የፈረንሳይ ወታደሮች በማዛግራን ምሽግ ውስጥ ሳሉ በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ የኤሚሩ ተዋጊዎች ከበቧቸው። ከበባው ለጥቂት ቀናት ቆይቶ ከባቢዎቹ ተመለሱ። ወሬው በፈረንሳይ አገር እጅግ ስለ ገነነ በፓሪስ ከተማ አንድ መንገድ በዚሁ ስም ተሰይሟል።

በአልጄሪያ የነበሩት ወታደሮች በሙቀቱ ምክንያት ስኳር የገባበትን ቡና በቀዝቃዛ ውሃ እያቀጠኑ ይጠጡ እንደ ነበር ይነገራል። ወደ አገራቸው ሲመለሱም ያንኑ መጠጥ በፓሪስ ቡና ቤቶች በረዥም ብርጭቆ እንዲቀዳላቸው ይጠይቁ ጀመር፤ ቡና ቤቶቹም «ካፌ ማዛግራን» ብለው ሸጡት። ስሙ ከመጠጡ አልፎ ወደ ዕቃውም ተሻገረ፤ እግር ያለውና እጀታ የሌለው የቡና መጠጫ በፈረንሳይ አገር ዛሬም «ማዛግራን» ተብሎ ይሸጣል። በዚህ ዐይነት የአንዲት ትንሽ ከተማ ስም ሁለት ዐይነት ሸቀጥ ለመሸጥ አገልግሏል።

የመጀመሪያው ማዛግራን ቀዝቃዛ ውሃ እንጂ በረዶ የሚገባበት እንዳልነበረ ልብ ማለት ይገባል። በዚያ ዘመን በረዶ ራሱ በሩቅ መንገድ የሚጓዝ የንግድ ዕቃ ነበር። በሰሜን አገሮች በክረምት ከረጋ ሐይቅ ላይ እየተቈረጠና በመጋዝ ብናኝ እየተሸፈነ በመርከብ ይጫን ነበር፤ ፍሬድሪክ ቱዶር የተባለው የቦስተን ነጋዴ በ1833 ዓ.ም. ወደ ህንድ አገር ወደ ካልካታ በረዶ መላኩ በንግድ ታሪክ የታወቀ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ በረዶ የሚሠሩ መኪናዎች እየተስፋፉ ሲሄዱ በረዶ በሞቃት ከተሞችም በቀላሉ የሚገኝ ሆነ፤ በቡናው ላይ የሚጨመረው ውሃም ቦታውን ለበረዶ ለቀቀ።

ከዚህ በኋላ መጠጡ በየአገሩ መልኩን ለወጠ። በፖርቱጋል ማዛግራን የሚባለው ወፍራም ቡና ከስኳርና ከሎሚ ጭማቂ ጋር ተቀላቅሎ በበረዶ ላይ የሚፈስስ ነው፤ አንዳንዱ ናዕናዕ ይጨምርበታል። በእስፓኝ በቫሌንሲያ አውራጃ ደግሞ ትኩሱ ቡና በአንድ ስኒ፥ በረዶውና የሎሚው ቅራጭ በሌላ ብርጭቆ ይቀርቡና ጠጪው ራሱ ይገለብጠዋል። በኦስትሪያ ሎሚው ቀርቶ ሮም የተባለው የአልኮል መጠጥ ከበረዶ ጋር ይገባበታል።

ከማዛግራን ያልተወለዱ ነገር ግን በባሕርይ የሚመስሉት ሌሎችም አሉ። የግሪክ አገር «ፍራፔ» በ1957 ዓ.ም. በተሰሎንቄ ዓለም አቀፍ የንግድ ትርኢት ላይ የተገኘ ነው። ዲሚትሪስ ቫኮንዲዮስ የተባለው የኔስሌ ኩባንያ ሠራተኛ ፈጣኑን የቡና ዱቄት የሚበጠብጥበት ሙቅ ውሃ ቢያጣ በቀዝቃዛ ውሃና በበረዶ መትቶ ጠጣው፤ አረፋማው መጠጥም ከዚያ ወዲያ በአገሩ ሁሉ ተለመደ። በቬትናም ደግሞ ትኩስ ወተት ቀድሞ እንደ ልብ ይገኝ ስላልነበረ በስኳር የወፈረው የቆርቆሮ ወተት ከብርጭቆው ሥር ይደረግና ቡናው በትንሽ ብረት ማጥለያ ጠብ ጠብ እያለ ከወረደበት በኋላ በረዶ ይጨመርበታል።

ልዩነቱ ከምን የመጣ ነው ቢባል፥ እያንዳንዱ አገር በእጁ ካለው ዕቃ ጋር ስላስማማው ነው። ሎሚ የሚበቅልበት በሎሚ፥ የቆርቆሮ ወተት የለመደው በወተት አበጀው። የቡናውም ዘር ድርሻ አለው። በቬትናም የሚበዛው ሮቡስታ የተባለው ዘር መራራና ከባድ ሲሆን የካፌይኑ መጠን ከአረቢካ እጥፍ ያህል ነው፤ ስለዚህ ጣፋጭ ወተት ይሸከማል። የእኛ አረቢካ ግን ለስላሳና መዓዛው የበዛ በመሆኑ ወተትና ስኳር ሲበዛበት ጠባዩ ይሰወራል። ላኪው የገዢውን አጠጣጥ ቢያውቅ የትኛው ቡና ለየትኛው ገበያ እንደሚስማማ ለመምረጥ ይረዳዋል።

ይህን መጠጥ በቤቱ ለመሸጥ ለሚያስብ ባለ ቡና ቤት ጥቂት ነገር መጠቈም ይገባል። በረዶው እየሟሟ ስለሚያቀጥነው ቡናው ከወትሮው እጥፍ ያህል መወፈር አለበት። ስኳር በቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ ስለማይሟሟ ቡናው ትኩስ ሳለ ይጨመር። ቅዝቃዜ የምላስን ጣፋጭ የመለየት ኃይል ስለሚቀንስም መጠኑ ጥቂት ከፍ ይበል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የበረዶው ንጽሕና ነው፤ መቀዝቀዝ የበሽታ ተሐዋስያንን ሁሉ ስለማይገድል በረዶው ከፈላ ወይም ከተጣራ ውሃ መሠራት ይኖርበታል። ከጧት የተረፈ ቡና አቀዝቅዞ መሸጥም ደንበኛን ያሸሻል እንጂ አያተርፍም።

በመጨረሻ ስለ ስም አንድ ነገር እንጨምር። በ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ስታርባክስና ፔፕሲ የተባሉት የአሜሪካ ኩባንያዎች ተባብረው ጋዝ ያለበት የጠርሙስ ቡና «ማዛግራን» በሚል ስም በካሊፎርኒያ ለሙከራ አቀረቡ። ሰው ስሙን ሰምቶ አንድ ጊዜ ገዛ፥ ጣዕሙን ቀምሶ ግን ሁለተኛ አልተመለሰም፤ ሸቀጡም ተነሣ። በ1996 ዓ.ም. በሌላ ስምና በሌላ ጣዕም ያወጡት የጠርሙስ ቡና ግን እጅግ ተሸጠ። ከዚህ የምንረዳው፥ ስም የመጀመሪያውን ጠርሙስ ቢሸጥም ሁለተኛውን የሚሸጠው ጣዕሙ መሆኑን ነው።

እኛም የስምን ዋጋ በራሳችን ቡና አይተነዋል። መንግሥታችን በ2005 ዓ.ም. የሐረር፥ የሲዳሞና የይርጋ ጨፌ ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡለት ጥያቄ አቅርቦ ከብዙ ክርክር በኋላ በ2007 ዓ.ም. ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ደርሷል። የማዛግራን ሰዎች የከተማቸው ስም በየቡና ቤቱ ሲሸጥ አንዳች አላገኙበትም፤ የእኛ ስሞች ግን ባለቤት እንዳላቸው ታውቋል። ይሁን እንጂ ስምን ማስመዝገብ ብቻውን በቂ አይደለም። በከረጢቱ ላይ የተጻፈው ስምና በውስጡ ያለው ቡና አንድ ካልሆኑ፥ ገዢው በትኩሱም ይጠጣው በበረዶ፥ ልዩነቱን ምላሱ ይነግረዋል። ስለዚህ የቡናን ስም መጠበቅ ከገበሬው እስከ ላኪው ድረስ የሁላችንም ሥራ መሆኑን ነጋዴዎቻችን ቢያስቡበት መልካም ነው።