ሰው የሌለበት የኮሌታ ማስታወቂያ

በኖቬምበር 1922 እ.ኤ.አ. ቫኒቲ ፌር የተባለው የአሜሪካ መጽሔት አንድ የኮሌታ ማስታወቂያ ይዞ ወጣ። ፎቶው ላይ ሰው የለም፤ ሸሚዝም የለም። ጥቁርና ነጭ በሆነ የዳማ ሰሌዳ ላይ አንድ ነጭ ኮሌታ ብቻውን ቆሟል። ያነሣው ፖል አውተርብሪጅ ያኔ 26 ዓመቱ ነበር። የማስታወቂያ ፎቶ ታሪክ በተነሣ ቁጥር ይህ ኮሌታ ዛሬም ይጠቀሳል።

ኮሌታ ለብቻው የሚሸጥበት ዘመን ነበር። በአሚዶ የደረቀው ኮሌታ ከሸሚዙ ጋር በቁልፍ ይያያዛል፤ ሲቆሽሽ እሱ ብቻ ወልቆ ይታጠባል፣ ሸሚዙ ይሰነብታል። የዚህ ንግድ መናኸሪያ በኒውዮርክ ግዛት ያለችው ትሮይ ስትሆን «የኮሌታ ከተማ» የሚል ስም አትርፋለች። ማስታወቂያውን ያሠራው ጆርጅ ፒ. አይድ ኩባንያም መቀመጫው እዚያው ነበር።

የአይድ ትልቅ ተፎካካሪ «አሮው» የተባለውን ኮሌታ የሚያመርተው ክሉየት ፒቦዲ ነበር። እሱ ገበያውን የያዘው ሠዓሊው ጄ. ሲ. ላየንዴከር በሚሥላቸው መልከ መልካም ጎልማሶች ነው። ለእነዚህ በብሩሽ ለተፈጠሩ ወንዶች የፍቅር ደብዳቤ የሚልኩ ሴቶች ነበሩ! እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን በሥዕሎቹ ውስጥ ዓይን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ፊታቸው ነው፤ ኮሌታው ከአገጭ ሥር የተረሳ ነገር ነው።

አውተርብሪጅ ሰውየውን ከነፊቱ አስወጣው። ከዚያ በኋላ የቀረው ሥራ ቀላል አይደለም፤ ነጭ ነገር ለካሜራ አስቸጋሪ ነው። ጥቁር ላይ ካስቀመጡት ዳሩ ይጎላል፣ መሀሉ ግን የተቆረጠ ወረቀት ሊመስል ይችላል። ነጭ ላይ ካስቀመጡት ይሰወራል። የዳማ ሰሌዳው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይሰጣል፦ የኮሌታው ዳር በጥቁሩ በኩል ሲያልፍ እንደ ስለት ጠርቶ ይወጣል፣ ነጩ ላይ ሲደርስ የሚለየው በስስ ግራጫ ጥላ ብቻ ነው። ተመልካቹ ሳያውቀው ዳሩን እየተከተለ ኮሌታውን ይዞራል። ሰሌዳው ቀጥ ያለ መስመር ብቻ በመሆኑ ደግሞ የኮሌታው ጥምዝ ይበልጥ ይታያል።

ከሁሉ የምወድለት ግን ሌላ ነገር ነው። ጨርቁ የሚደግፈው አንገት ሳይኖር ቀጥ ብሎ ቆሟል። አምራቹ በብዙ ቃል ሊናገር የሚችለውን ጥንካሬና ንጹሕ አቆራረጥ ፎቶው በማቆም ብቻ አሳየው። የማስታወቂያ ፎቶ ባለሙያ ከዚህ ሥራ የሚማረው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል፦ ዕቃው ያለውን ጠባይ ፈልጎ ዕቃው ራሱ እንዲያሳየው ማድረግ።

ይህ ዓይን ከየትም አልመጣም። አውተርብሪጅ በ1921 ማንሃተን ውስጥ ይገኝ በነበረው የክላረንስ ኋይት የፎቶግራፍ ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር። እዚያ ተማሪው ከካሜራ አያያዝ ጋር የንድፍ ትምህርት ይወስድ፣ መስመርን፣ ባዶ ቦታንና የጥቁርና የነጭን ሚዛን ይለማመድ ነበር። ፎቶውን ያተመበት የፕላቲነም ወረቀትም ግራጫዎችን አንድ በአንድ በማሳየት የታወቀ ነው።

ሠዓሊው ማርሴል ዱሻምፕ ገጹን ከመጽሔቱ ቀዶ ፓሪስ ባለው ስቱዲዮው ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ነበር ይባላል። በ1917 የሽንት መሽኛ ሸክላ ለኤግዚቢሽን ያቀረበና ቼዝ ነፍሱ የሆነ ሰው ኮሌታና ሰሌዳ ቢማርከው አይገርምም።

ኮሌታውን ግን ፎቶው አላዳነውም፤ ከሸሚዙ ጋር የሚሰፋው ለስላሳ ኮሌታ ገበያውን ቀስ በቀስ ወሰደው።

የአውተርብሪጅን ዘዴ መሞከር ለሚሻ አንድ ነጭ ሲኒ፣ ጥቁርና ነጭ ዳማ ያለው ጨርቅና አንድ መስኮት ይበቃል። የጣሪያውን መብራት አጥፍቶ፣ ነጩ እንዳይቃጠል የካሜራውን ብርሃን ቀነስ አድርጎ፣ ሲኒው ከነጩ ዳማ ላይ በጥላው ብቻ እስኪለይ ድረስ ጨርቁን ማዞር ነው።