ከቁጥሩ በፊት መስፈሪያው

የታሸገ ምግብ ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባው ላይ ያለውን ሰንጠረዥ አንብቡ የሚለው ምክር ከሐኪምም ከሬዲዮም ይሰማል። አንብቦ ግራ የሚጋባው ሰው ግን ብዙ ነው። ጥፋቱ የሚጣለው በአብዛኛው በአንባቢው ላይ ነው፤ ካሎሪንና ሶዲየምን ስለማያውቅ ነው ይባላል። ነገሩን አሳምሮ የሚያውቅ ሰውም ግን ይሳሳታል። ቁጥሮቹ በምን ያህል ምግብ ልክ እንደተሰሉ የምትናገረው ከላይ ያለችው መስመር ናት፤ ዓይናችን የሚዘላትም እሷን ነው።

በአሜሪካ ቁጥሮቹ የሚሰሉት ለአንድ ጊዜ በሚባል መጠን ነው። ብዙዎች ይህን እንደ ሐኪም ትእዛዝ ያዩታል። ሕጉ ግን መጠኑ ሰው በተለምዶ የሚበላው እንጂ ሊበላው የሚገባው አይደለም ይላል። ያም ልማድ ለረጅም ጊዜ የተለካው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ በተደረጉ ጥናቶች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ደንቡ ሲሻሻል የአይስክሬም መጠን ከግማሽ ኩባያ ወደ ሁለት ሦስተኛ ከፍ አለ። አይስክሬሙ ያው ነው፤ የተጻፈው ካሎሪ ግን በአንድ ሦስተኛ ጨመረ።

መጠኑ ሲያንስ ደግሞ ቁጥሩ ጭራሹን ይጠፋል። በዚያው አገር ለአንድ ጊዜ በተባለው መጠን ውስጥ ከግማሽ ግራም በታች የሆነ ስኳር «0» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። አብዛኛዋ ስኳር የሆነች ትንሽ ከረሜላ በሕግ ስኳር የለሽ መስላ ትታያለች። ሻጩ በራሱ ጣሳ ሲሰፍር ገዢው ዋጋውን ብቻ ቢጠይቅ ምን ይጠቅመዋል?

አዲስ አበባ ውስጥ ነገሩ ይብሳል፤ ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካና ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የመጣ ዕቃ አንድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ለምሳሌ ሁለት ብስኩቶች እናንሳ። አንዱ «ሶዲየም 300 ሚሊ ግራም፣ በ30 ግራም» ይላል፤ ሌላው «ጨው 1.5 ግራም፣ በ100 ግራም»። ሁለቱን ለማወዳደር የመጀመሪያውን ወደ 100 ግራም ማምጣት ያስፈልጋል፤ 1,000 ሚሊ ግራም ሶዲየም ይሆናል። ሶዲየም በ2.5 ሲባዛ ጨው ስለሚሰጥ፣ 2.5 ግራም ጨው ማለት ነው። ያ ጨዉ ትንሽ የመሰለው ብስኩት ከሌላው ይበልጥ ጨዋማ ሆኖ ተገኘ።

ጨው ቀንሱ የተባሉ የደም ግፊት ሕመምተኛ ይህን ስሌት ሱቅ ውስጥ ቆመው ይሠራሉ ብሎ መጠበቅ ተገቢ አይመስለኝም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን የሚመክረው ጨው ከ5 ግራም በታች ነው። ከወጡ ጨው የቀነሰ ቤተሰብ በሾርባ ኪዩብና በኑድልስ መልሶ ሊያስገባው ይችላል።

ሁሉም በ100 ግራም ይጻፍ የሚለው መፍትሔም እንከን አያጣውም፤ በአንድ ማዕድ 100 ግራም ኪዩብ የሚበላ የለም። ለማወዳደር ግን ከዚህ የተሻለ መስፈሪያ አላየሁም። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ግዴታ አድርጓል። ስሌቱን ለገዢው ላለመተው ምልክት ያዘዙም አሉ፦ እስራኤል ከ2020 ጀምሮ ስኳር፣ ሶዲየም ወይም ጎጂ ስብ የበዛበት እሽግ ፊት ላይ ቀይ ምልክት እንዲደረግ አዛለች፤ ዕብራይስጥ የማያነቡ ከኢትዮጵያ የሄዱ አዛውንትም ምልክቱን ለይተው ማወቅ ይችላሉ። ቺሊ በጥቁር ምልክት የጀመረችው በ2016 ነው።

ለእኛም ገበያ የሚበጀው ይኸው ነው፦ አንድ መስፈሪያ፣ በአማርኛና በሌሎች የአገር ቋንቋዎች፣ ከፊት ለፊት። እስከዚያው ድረስ ዕቃ ስታነሱ መጀመሪያ ቁጥሩ ለስንት ግራም እንደሆነ፣ ቀጥሎም እሽጉ ስንት እንደሚመዝን እዩ። እነዚህ ሁለቱ ካልታወቁ የቀረውን ማንበብ ትርፉ ድካም ነው።