የአውራ ዶሮ እግር በበረዶ ወራት፦ ውርጭ ወይስ ቁስል?

ከሚኒያፖሊስ በስተምዕራብ በምትገኘው ሴንት ሉዊስ ፓርክ፣ የጃንዋሪ ሌሊት አማካይ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 2019 ደግሞ በሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ተመዝግቧል። የገና በዓል የሚውለውም በዚሁ ወር ነው። በጓሮ የሚረባ አውራ ዶሮ ለበዓል ይታሰብም ለዘር ይቀመጥ፣ በእነዚህ ሳምንታት ቀድመው ከሚጎዱት አካላቱ አንዱ ላባ ያልሸፈነው እግሩ ነው።

ተፈጥሮ ለዶሮ እግር ብልሃት አበጅታለታለች። ሞቃቱን ደም ወደ እግር የሚያወርዱት ደም ወሳጅ ቧንቧዎች፣ ቀዝቃዛውን ደም ከሚመልሱት ደም መላሽ ቧንቧዎች ጋር ተጠጋግተው ያልፋሉ። የሚወርደው ደም ሙቀቱን ለሚመለሰው ያካፍላል፤ በዚህም ገላው ሙቀቱን ሳያባክን እግሩ ከመቀዝቀዝ በላይ ሳይሄድ፣ ሳይረጋም ይቆያል። በፋብሪካዎች ሙቀትን ከአንዱ ፈሳሽ ወደ ሌላው የሚያሸጋግሩ መሣሪያዎች የሚሠሩት በዚሁ መርሕ ነው።

ይህን ሥርዓት በእጅጉ የሚያዳክመው እርጥበት ነው። ውኃ ሙቀትን የማስተላለፍ አቅሙ ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ስለሚበልጥ፣ እርጥብ እግር ከደረቅ እግር በጣም ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። በተዘጋ የዶሮ ቤት ውስጥ ደግሞ ከትንፋሽና ከኩስ የሚወጣው እርጥበት ሌሊቱን ይጠራቀማል።

ዶሮ ሕመሙን ይሸሽጋል። ስለዚህ ማታ ቆጥ ላይ ከሰፈረ በኋላ፣ በእጅ ባትሪ ብርሃን ሁለቱን እግሮች ገልብጦ ማየት ይገባል። ማነከስ፣ በአንድ እግር መቆም ወይም ከቆጥ ለመውረድ ማመንታት ምልክቶች ናቸው።

በውርጭ የተመታ ጣት መጀመሪያ ይነጣል ወይም ይገረጣል፤ ሲነኩት ይቀዘቅዛል፣ ይጠነክራልም። ቆይቶ ያብጣል፤ ውኃ ሊቋጥር ይችላል፤ ከቀናት በኋላም ሊጠቁር ይችላል። ዶሮውን ደረቅና ውርጭ ወደማይደርስበት ስፍራ ማስገባት፣ እግሩን ከ37 እስከ 39 ዲግሪ ለብ ባለ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያህል መዘፍዘፍና በቀስታ ማድረቅ ያስፈልጋል። ማሸት፣ እሳት ማስጠጋት፣ በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅ ወይም የቋጠረውን ማፍረጥ ጉዳቱን ያባብሳል። የሞቀው እግር ዳግመኛ ከቀዘቀዘ ጉዳቱ ከመጀመሪያው ስለሚከፋ፣ ወደ ብርዱ ለመመለስ መቸኮል አይገባም። የጠቆረውን ሥጋ በቤት ውስጥ መቁረጥም አይመከርም።

ሁለተኛው ሕመም ከዚህ ይለያል። በውስጥ እግሩ መዳፍ ላይ እብጠትና መሐሉ ላይ ጥቁር ቅርፊት ከታየ፣ ቁስሉ አመርቅዟል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ መንሥኤው ስታፊሎኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ነው፤ በሻካራ ቆጥ፣ በተሰነጠረ እንጨት ወይም በተጋገረ በረዶ በተፋቀ ቆዳ ይገባል። ገና ሲጀምር በለብታ ጨው ውኃ መዘፍዘፍ፣ በፀረ ተሕዋስያን ማጠብና በንጹሕ ፋሻ መሸፈን ሊበቃ ይችላል። ካበጠና ከጠነከረ ግን የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው። ባክቴሪያው ሰውንም ስለሚይዝ ጓንት ማድረግ ግድ ነው።

የእግሩ ቅርፊት ተነሥቶ ከሻከረ ደግሞ ከቅርፊቱ ሥር የሚሰደሩ ጥቃቅን ተባዮች መኖራቸውን ያመለክታል። እግሩን አጥቦ ቫዝሊን ደጋግሞ መቀባት ተባዮቹን አየር ይነሳቸዋል።

ለመከላከል ገንዘብ ሳይሆን ትኩረት ይበቃል። ቆጡ ወደ 10 ሴንቲሜትር የሚሰፋ ለስላሳ ጣውላ ቢሆን፣ ዶሮው ሲያርፍ ጣቶቹን በደረቱ ላባ ይሸፍናል፤ የብረት ቆጥ ግን ሙቀቱን ይመጥበታል። ጉዝጓዙ ደረቅ ይሁን። እርጥበቱ የሚወጣበት ቀዳዳም ከዶሮዎቹ ራስ በላይ ይከፈት፤ ቤቱን ሙሉ በሙሉ መድፈን ብርዱን ሳይሆን እርጥበቱን ነው የሚያግደው። የማሞቂያ አምፖል በደረቅ ጉዝጓዝ ላይ ሲወድቅ እሳት ያስነሣል።

ለበዓል የታሰበ ዶሮ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከወሰደ፣ መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ የሚጠበቀውን ጊዜ ሐኪሙን መጠየቅ ያስፈልጋል። ጊዜው ከታኅሣሥ 29 የሚያልፍ ከሆነ፣ ለዘንድሮው ገና ሌላ ዶሮ መፈለግ ይሻላል።