የረመዳን ጾምና የተማሪው ሰዓት



ከዓዲ አርቃይ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ዳገት የሚወጣ፣ ደባርቅን፣ ዳባትንና አምባ ጊዮርጊስን አልፎም ጎንደር የሚገባ ተማሪ፣ ከልብሱና ከመጽሐፉ ሌላ የቤቱን ልማድ ይዞ ይሄዳል። በቤቱ ሳለ እናቱ ትቀሰቅሰዋለች፤ ምግቡም በጊዜው ይቀርብለታል። ዩኒቨርሲቲ በገባ ጊዜ ግን ቀስቃሹም ሰዓት ጠባቂውም ራሱ ነው። ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በረመዳን ወር ነው።

እኔ በዚህችው ከተማ ተምሬ ከፍተኛ ትምህርቴን በጎንደር የተከታተልሁ ክርስቲያን ነኝ። ይሁን እንጂ ከሙስሊም ጓደኞቼ ጋር በአንድ ክፍል ስለ ኖርሁ ጾማቸውን በቅርብ ለማየት ችያለሁ። ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ነገ በዚያው መንገድ የምትሄዱ በመሆናችሁ፣ የሚጾመው አስቀድሞ እንዲዘጋጅ፣ የማይጾመውም የጎረቤቱን ሁኔታ ዐውቆ እንዲረዳው፣ ያየሁትንና የተረዳሁትን በአጭሩ ለመግለጽ አሰብሁ።

ወሩ ስለምን ይዘዋወራል?

የእስልምና የዘመን አቈጣጠር በጨረቃ የሚመራ ስለ ሆነ አንዱ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ነው። የእኛ ዓመት ግን በፀሐይ የሚመራ ሆኖ 365 ቀን፣ በአራት ዓመት አንድ ጊዜም 366 ቀን አለው። ስለዚህ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ይገባል። ለምሳሌ በ2013 ዓ.ም. የገባው ሚያዝያ 5 ቀን ሲሆን፣ በ2016 ዓ.ም. የገባው መጋቢት 2 ቀን ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ 33 ቀን ቀደመ ማለት ነው። እንዲህ እያለ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ያዳርሳል። ከዚህም የተነሣ አንዱ ተማሪ ረመዳንን በፈተና ሰሞን ሲያገኘው፣ ሌላው በክረምት ዕረፍት በቤቱ ያገኘዋል።

መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌላም የሚታወስበት ነገር አለው፤ ዐቢይ ጾም የገባውም በዚያው ቀን ነበር። በአንድ ቤት የሚኖሩ ተማሪዎች፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ በአንድ ቀን ጾም ያዙ። የክርስቲያኑ ጾም 55 ቀን ሆኖ ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ መከልከልን ይጨምራል። የሙስሊሙ ጾም 29 ወይም 30 ቀን ሆኖ፣ ጎሕ ከቀደደበት ጊዜ አንሥቶ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ከምግብም ከውሃም መከልከል ነው።

የጾሙ ሰዓት ርዝመት እንደ አገሩ ይለያያል። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች ቀንና ሌሊቷ እጅግ አይበላለጡም። በእኛ አካባቢ ከጎሕ እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ያለው ጊዜ በታኅሣሥ 12 ሰዓት ተኩል፣ በሰኔም 14 ሰዓት ገደማ ነው። በሰሜን አውሮፓ ግን ረመዳን በሰኔ በዋለ ጊዜ ጾሙ ከ18 ሰዓት በላይ ይረዝማል። በመጋቢትና በሚያዝያ በጎንደር ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ካለፈ ጥቂት ደቂቃ በኋላ ነው። ተማሪው ይህን ሰዓት ልብ ይበል፤ የሚቀጥለው ነገር ሁሉ የተንጠለጠለው በዚሁ ላይ ነውና።

የአንድ ወዳጄ ታሪክ

በ2013 ዓ.ም. በማደሪያ ቤት አብሮኝ የሚኖር አንድ ሙስሊም ወዳጅ ነበረኝ። በዚያ ወራት ለተግባር ልምምድ ስለ ተመደበ ጧት ጧት ከግቢ ወጥቶ በሚኒባስ ታክሲ ወደ ከተማው ማዶ ይሄዳል፤ ከዚያም በባጃጅ ጥቂት ይጓዛል፤ ማታም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ሥራው የሚያልቀው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። በዚያ ሰዓት ሠራተኛውም፣ ነጋዴውም፣ ተማሪውም ወደ ቤቱ የሚመለስ ስለ ሆነ የታክሲው ሰልፍ ይረዝማል፤ በረመዳን ደግሞ ለማፍጠር የሚቸኩለው ሲጨመርበት ከቀድሞው ይብሳል።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ማታ የመግሪብ አዛን ሲሰማ እሱ ገና ከሰልፉ ላይ ነበር። በቦርሳው ውስጥ ምንም አልያዘም። ግቢ ሲደርስም የምግብ አዳራሹ ተዘግቶ አገኘው። በዚያ ሌሊት ውሃ ጠጥቶ ተኛ፤ ለሱሑርም ሳይነቃ ነጋ። በማግስቱ በሥራው ላይ ሳለ ዐይኑ ጨልሞበት ግድግዳ ይዞ ቆመ። ማታ ሲነግረን ከሁላችን ይበልጥ ያፈርሁት እኔ ነበርሁ። አልጋዬ ከአልጋው አጠገብ ሆኖ ሳለ፣ እራቱን እንዳልበላም ለሱሑር እንዳልነቃም አላወቅሁም ነበርና።

ከዚያ ወዲያ ነገሩን ተመካክረን አስተካከልን። እሱ ሁልጊዜ ሦስት ፍሬ ቴምርና አንድ ጠርሙስ ውሃ በቦርሳው ይይዝ ጀመር። አዛን በመንገድ ላይ ቢደርስበት በዚያው ያፈጥራል፤ አንዳንድ ቀንም ከአጠገቡ ለተቀመጠው መንገደኛ አንዷን ቴምር ይሰጣል። ከእኛም መካከል ተረኛው በአዳራሹ ኃላፊ ፈቃድ እራቱን በሳሕን ተቀብሎ ያቈይለታል። ለሱሑር የመቀስቀሱን ሥራ እኔ ወሰድሁት፤ ጊዜው የሁዳዴ ጾም ስለ ነበረ እኔም ለጸሎት በሌሊት እነሣ ነበርና። ወሩ እስኪያልቅ ድረስ ዳግመኛ አልወደቀበትም፤ ልምምዱንም በመልካም ውጤት ጨረሰ።

የሰውነትና የትምህርት ነገር

ሰውነት ምግብ ባጣ ጊዜ አስቀድሞ በጉበት ውስጥ ያከማቸውን ስኳር ይጠቀማል፤ ያ እየተሟጠጠ ሲሄድም ስብን ወደ ማቃጠል ይዞራል። ስለዚህ ጤነኛ ጎልማሳ እስከ ማታ ድረስ መጾም አያቅተውም። ይልቁንም ተማሪውን የሚያደክሙት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም የውሃ እጥረት፣ የእንቅልፍ ማነስና፣ ቡና ለለመደ ሰው፣ ቡናን በድንገት መተው የሚያመጣው ራስ ምታት ናቸው።

ለዚህ መድኃኒቱ ሥርዓት ነው። ውሃን በአንድ ጊዜ ከመጠጣት ይልቅ ከማፍጠሪያ እስከ ሱሑር ድረስ በየጊዜው መጠጣት ይገባል። በማፍጠሪያ ጊዜ ቴምር፣ ሾርባና ጥቂት ሳንቡሳ ደኅና ነው፤ ሆድን እስኪያስጨንቅ መብላት ግን ማታ ማጥናትን ይከለክላል። ለሱሑርም እንደ ገንፎ፣ እንደ ቂንጬና እንደ እንጀራ ያለ ቀስ ብሎ የሚፈጭ ምግብ ይመረጣል፤ ጨው የበዛበት ምግብ ቀኑን ሙሉ ያስጠማል። ቡና የለመደም ረመዳን ከመግባቱ በፊት በየቀኑ እየቀነሰ ቢመጣ ይቀለዋል።

ስለ ጥናት የተመለከትን እንደ ሆነ፣ ተራዊሕ ከዒሻ በኋላ የሚሰገድ ስለ ሆነ ማታው አጭር ነው። ተማሪው ከተራዊሕ እንደ ተመለሰ ቢተኛና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ለሱሑር ቢነሣ፣ ከሱብሒ ሰላት በኋላ እስከ ትምህርት መጀመሪያ ያለው ጊዜ ለከባድ ትምህርት የተመቸ ነው፤ በዚያን ጊዜ ሰውነቱ ምግብና ውሃ አግኝቷል፤ ግቢውም ጸጥ ብሏል። ሒሳብና ፊዚክስን በዚህ ሰዓት ማጥናት፣ ማስታወሻ መገልበጥን ለከሰዓት በኋላ መተው፣ ከቀትር በኋላም ግማሽ ሰዓት ማሸለብ ብዙዎችን ጠቅሟል።

የታመመና መንገደኛ የሆነ ሰው አፍጥሮ በሌላ ቀን እንዲያካክስ በእስልምና ሥርዓት ተፈቅዶለታል። ብዙዎቹ የሕግ ሊቃውንት የመንገደኛውን ርቀት ወደ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ያደርጉታል። ከከተማ ውስጥ ወደ ትምህርት ቤት በየቀኑ መመላለስ ከዚህ አይቈጠርም፤ ከጎንደር ወደ ዓዲ አርቃይ መምጣት ግን እስከ ደባርቅ ብቻ እንኳ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለ ሆነ ከዚህ ይገባል። የስኳር በሽታ ወይም ሌላ ሕመም ያለበት ተማሪም አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

የጎረቤት ድርሻ

ጎንደር በዚህ ነገር ረዥም ታሪክ አላት። በ1668 እ.ኤ.አ. በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን በተደረገ ጉባኤ፣ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ተወስኖ ነበር፤ የዛሬው አዲስ ዓለም ሰፈር የዚያ ታሪክ ምልክት ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ግን በአዲስ አበባ ሙስሊሞች ለእኩልነት ሰላማዊ ሰልፍ በወጡ ጊዜ ብዙ ክርስቲያኖች አብረዋቸው ተሰልፈዋል። በ1967 ዓ.ም. ዒድ አል ፈጥር፣ ዒድ አል አድሓና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆነው ታወጁ። ዛሬ በዒድ ቀን ትምህርት ቤት የሚዘጋው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ የተገኘው ነገር ጠባቂ ይፈልጋል። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በረመዳን ውስጥ በጎንደር ከቀብር ሥነ ሥርዓት ጋር ተያይዞ በተነሣ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ያን ቀን ያየ ሰው፣ ጎረቤትን አለማወቅ የሚያስከፍለውን ዋጋ ያውቃል። የጎረቤቱን የጾም ሰዓት ያወቀ፣ እራቱን ያቈየለትና በሌሊት የቀሰቀሰው ተማሪ ግን ወሬ ሰምቶ በወዳጁ ላይ በቀላሉ አይነሣም።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ የምትጾሙ ሰዓታችሁን አስቀድማችሁ ጻፉ፤ ቴምርና ውሃ ከቦርሳችሁ አይጥፋ፤ መቸገራችሁንም አትደብቁ። የማትጾሙም ጎረቤታችሁን «እራትህን በላህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ጾሙን የሚጾመው እያንዳንዱ ለራሱ ነው፤ ሸክሙን ግን አብሮ የሚኖር ሁሉ ሊያቀልለት ይችላል።