እውነት ብቻውን አይጠራም፦ ስለ ካሊፎርኒያው ገዳይ የሚወራውና የሆነው

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ማለት እንወዳለን። ከ40 ዓመት በላይ ሲፈለግ የኖረው የካሊፎርኒያ ገዳይ በመጨረሻ ሲያዝም፣ ታሪኩ በአማርኛ በተተረከ ቁጥር መቋጫው ይኸው ነው፤ የሟቾች ደም ጮኸ፣ ጊዜው ደረሰ፣ ገዳዩ ተያዘ። እኔ ግን ስለ ጉዳዩ የተጻፈውን ባነበብኩ ቁጥር የሚታየኝ ሌላ ነው። ጊዜ በዚህ ጉዳይ የሠራው በጎ ሥራ የለም። ምስክር ቀበረ፣ መርማሪ ጡረታ አወጣ፣ የ50 ያህል ሴቶችን ክስ በይርጋ አገደ። እውነቱ የጠራው የሚያጠራ ሰው ስለተገኘ ነው። ከዚህ በታች ከምንሰማቸው ወሬዎች የማይሆኑትን ከሆኑት እለያለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየው ጆሴፍ ጄምስ ዲያንጄሎ ይባላል። በ1974 እና በ1975 ቪሴሊያ በምትባል ከተማ ቤት እየሰበረ ሲገባ ኖረ፤ እዚያው ሰው ገደለ። ከ1976 ጀምሮ በሳክራሜንቶና በዙሪያዋ ሴቶችን በገዛ መኝታ ቤታቸው ደፈረ። ከ1979 መጨረሻ እስከ 1986 ደግሞ በደቡብ ካሊፎርኒያ ባልና ሚስትን በተኙበት ጭምር ገደለ። በጠቅላላው 13 ነፍስ አጥፍቷል። ኤፕሪል 24 ቀን 2018 ሲትረስ ሃይትስ በሚገኘው ቤቱ ደጃፍ ሲያዝ 72 ዓመቱ ነበር፤ ለ27 ዓመት በአንድ የሸቀጥ ማከፋፈያ ድርጅት መካኒክ ሆኖ ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ከልጁና ከልጅ ልጁ ጋር የሚኖር ሰው። እጁ ላይ ካቴና ሲገባ ለፖሊሶቹ የነገራቸው ምድጃ ውስጥ ሥጋ እንደጣደ ነው።

«እጅግ ብልህ ስለነበር ነው ያልተያዘው»

ከሁሉም የሚጎዳው ወሬ ይህ ይመስለኛል፤ ገዳዩን ያገዝፈዋልና። ዲያንጄሎ ከ1973 እስከ 1979 ራሱ ፖሊስ ነበር፤ መጀመሪያ በኤክስተር፣ ቀጥሎ በኦበርን። ፓትሮል እንዴት እንደሚዞር፣ መርማሪ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። ይህ በእርግጥ ጠቅሞታል። ነገር ግን ከፖሊስነት የተባረረው ከሱቅ መዶሻና የውሻ ማባረሪያ መርጫ ሲሰርቅ ተይዞ ነው።

የበለጠ የጠቀመው ፖሊሶቹ እርስ በርስ አለመነጋገራቸው ነው። ቪሴሊያ የራሷን ቤት ሰባሪ ታሳድዳለች፣ ሳክራሜንቶ የራሷን ደፋሪ፣ ደቡቡ የራሱን ገዳይ። ለአንድ ሰው ሦስት ቅጽል ስም ወጣለት፤ ሦስቱም በየመዝገብ ቤታቸው ለየብቻ ተቀመጡ። የሰሜኑ ደፋሪና የደቡቡ ገዳይ አንድ መሆናቸው በዲኤንኤ የታወቀው በ2001 ነው፤ ከመጨረሻው ግድያ 15 ዓመት በኋላ።

ለዓመታት ሳይያዙ የቆዩ ሌሎች ገዳዮችን ብናይም ብልህነት አይደለም ያተረፋቸው። በሲያትል አካባቢ በ49 ሴቶች ግድያ ጥፋተኛ የተባለው ጋሪ ሪጅዌይ የጭነት መኪና ቀለም ቀቢ ነበር። ፖሊስ ጠርጥሮት ነበር፤ በ1984 የውሸት መመርመሪያ ማሽኑን አልፎ ተለቀቀ። በ1987 ፖሊሶች ጎዝ አስነክሰው ምራቁን ወሰዱ። ያ ጎዝ 14 ዓመት ተቀምጦ በ2001 አዲሱ የዲኤንኤ ምርመራ ሲደርስ ሰውየው ተያዘ። በዊቺታ 10 ሰው የገደለው ዴኒስ ሬደር ደግሞ በ2005 ለአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ፍሎፒ ዲስክ ላከ። ከመላኩ በፊት ዲስኩ ማንነቱን ያሳብቅ እንደሆነ ፖሊስን ጠይቆ ነበር፤ የለም ሲሉት አመነ። ዲስኩ ላይ ከተሰረዘ ፋይል ውስጥ የቤተ ክርስቲያኑና የራሱ የመጀመሪያ ስም ተገኘ። እነዚህ ሰዎች ለዓመታት የተረፉት በብልህነታቸው አይደለም፤ ጎረቤት እንደ ጎረቤት፣ አለቃ እንደ ሠራተኛ ስላያቸው ነው።

«ኮምፒውተሩ ደሙን አይቶ ስሙን አወጣ»

በየቡናው የሚነገረው እንዲህ ነው፤ ናሙናውን ማሽኑ ውስጥ ከተቱት፣ ስምና አድራሻ ወጣ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የነገሩ ሁሉ እምብርት ያለው እዚህ ነውና።

የአሜሪካ ፖሊስ የሚጠቀምበት የዲኤንኤ ቋት ከሰው ዘረመል ላይ 20 ቦታዎችን ብቻ ያነጻጽራል። የሚያነጻጽረውም ቀድሞ ከተመዘገበ ሰው ጋር ነው። ያልተመዘገበ ሰው እዚያ የለም። የዲያንጄሎ ናሙና ከ2001 ጀምሮ በተደጋጋሚ ተፈለገ፤ ባለቤቱ ግን ተመዝግቦ አያውቅም። በ2004 የካሊፎርኒያ ሕዝብ ቋቱን የሚያሰፋ ሕግ በድምፁ አጸደቀ፤ ለዘመቻው ከፍተኛ ገንዘብ ያወጡት ወንድማቸው በዚሁ ሰው እጅ የተገደለባቸው ሰው ነበሩ። ሕጉ ብዙ ሌሎች መዝገቦችን ፈታ። የወንድማቸውን ግን አልፈታም።

መንገዱ የተከፈተው ከቬንቹራ ነው። በ1980 በዚያ ከተማ ባልና ሚስት ሲገደሉ የአስከሬን መርማሪው ሐኪም አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ናሙና ሲወስዱ ሁለት ያደርጉታል። አንዱ ለምርመራ ይሄዳል፣ ሁለተኛው ታሽጎ ፍሪዘር ይገባል። ያ ሁለተኛው 37 ዓመት ሳይነካ ተቀመጠ። ማንም እንዲህ አድርጉ ብሎ አላዘዛቸውም። በየፖሊስ ጣቢያው የኤግዚቢት ክፍል ውስጥ ስንት ነገር እንደሚበሰብስና እንደሚጠፋ ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ፍሪዘር ከየትኛውም ላቦራቶሪ ይበልጣል። በዚሁ ጉዳይ ይርጋው አልፏል ተብሎ ማስረጃቸው እንዲወገድ የተደረጉ መዝገቦች ነበሩና።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከጋብቻ በፊት ሰባት ቤት የምንቆጥረው ሁለቱ ሰዎች ወደ ላይ ሲወጡ የት እንደሚገናኙ ለማወቅ ነው። መርማሪው ፖል ሆልስ፣ የዘር ሐረግ አጥኚዋ ባርባራ ሬይ-ቬንተርና አብረዋቸው የነበሩ የኤፍቢአይ ሰዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው። ከናሙናው ላይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የዘረመል ነጥቦች ተነበቡ፤ ንባቡ ሰዎች ዘመድ ለመፈለግ ራሳቸው ዲኤንኤአቸውን ወደሚያስገቡበት ጌድማች ወደተባለ ድረ ገጽ ተጫነ። ስም አልወጣም። የወጡት ከገዳዩ ጋር ከቅድመ አያትም በላይ፣ አምስት ቤት ያህል ርቀው የሚገናኙ ጥቂት ዘመዶች ናቸው፤ የሚገናኙበት አያት የኖሩት በ1800ዎቹ ነው።

እኛ ወደ ላይ ቆጥረን እናቆማለን። እነሱ ወደ ላይ ወጥተው እንደገና ወደ ታች ወረዱ። የሕዝብ ቆጠራ ሰነድ፣ የሞት ማስታወቂያ፣ የመቃብር መዝገብ፣ የድሮ ጋዜጣ እያገላበጡ የእያንዳንዱን ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ልጅ ጻፉ። 25 ያህል የዘር ሐረግ ተሣለ፤ የዲያንጄሎ ወገን ያለበት ብቻ ወደ 1,000 የሚጠጋ ስም ነበረው። አራት ወር ፈጀ። ከዚያ ማጣራቱ ቀጠለ፤ ወንድ፣ ዕድሜው የሚገጥም፣ በዚያ ዘመን ካሊፎርኒያ የነበረ፣ ዘረመሉ እንደጠቆመውም ዓይኑ ሰማያዊ የሆነ። ስሙ እስከዚያ ቀን በተጠርጣሪነት አንድም መዝገብ ውስጥ አልገባም ነበር።

ዲኤንኤ አይሳሳትም የሚባለውም ልክ አይደለም። ናሙናው ልክ ቢሆን እንኳ ሰው የሚሠራው ቆጠራ ሊሳሳት ይችላል። ከዚያ በፊት በ2017 በሌላ ዘዴ የተደረገ ፍለጋ መርማሪዎቹን ኦሪገን ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ ወደሚኖሩ አንድ ሰው መርቷቸዋል። ሽማግሌው ናሙና ሰጡ፤ ንጹሕ ሆነው ተገኙ። ለዚህ ነው የዘር ሐረግ ፍርድ ቤት የማይቀርበው። ጥቆማ ብቻ ነው።

ማስረጃው የተገኘው በእግር ነው። ፖሊሶች ዲያንጄሎን ቀን ተሌት ተከተሉት። አንድ ቀን ሮዝቪል ውስጥ መኪናውን አቁሞ ሱቅ ሲገባ የመኪናውን በር እጀታ በጥጥ ጠረጉ። ገጠመ። አልበቃቸውም፤ ከደጁ ከቆሻሻ መጣያው የተጠቀመበትን ሶፍት አነሡ። እሱም ገጠመ። በማግስቱ ያዙት።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። በድሮው አውጫጭኝ የአገሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ለምን እንደተጠራ አውቆ፣ ወንጀለኛውን ያወጣ ነበር። እዚህ ግን ዘመዶቹ አውጫጭኝ መቀመጣቸውን ሳያውቁ ነው የተቀመጡት፤ ምራቃቸውን የሰጡት አያቶቻቸው ከየት አገር እንደመጡ ለማወቅ ነበር። በኋላ እንደታወቀው የተፈለገውም በጌድማች ብቻ አልነበረም፤ የግል ኩባንያዎች ቋትም ታይቷል። ጌድማች በ2019 ፈቃዱን የሰጠ ተጠቃሚ ብቻ ለፖሊስ እንዲታይ አደረገ፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ዘዴው በዋናነት ለከባድ ወንጀል፣ ያውም መደበኛው ቋት ከተሞከረ በኋላ ብቻ እንዲሆን መመሪያ አወጣ። አሜሪካ ላሉ ወገኖቻችን ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ ለዘር ምርመራ ቱቦ ውስጥ ምራቅ የሚተፋ ሰው ሰባት ቤቱን ይዞ ነው የሚተፋው። በሌላ በኩል ቋቶቹን የሞሉት በአብዛኛው የአውሮፓ ዘር ያላቸው አሜሪካውያን ስለሆኑ፣ የተገደለውም ሆነ የገደለው ከአፍሪካ የመጣ ከሆነ የሚገኘው ዘመድ በጣም ሩቅ ነው። ይህ የፍትሕ ጉድለት ነው፤ በቂ ሰው ሲናገረው አልሰማሁም።

«አንዴ የጀመረ ካልሞተ ወይም ካልታሰረ አያቆምም»

ያቆማል። የሬደር የመጨረሻ ግድያ በ1991 ነው፤ የተያዘው በ2005። ዲያንጄሎ ከ1986 በኋላ የሚታወቅ ግድያ የለውም። ኤፍቢአይ ራሱ በ2008 ባወጣው ጽሑፍ ይህን አባባል ከተሳሳቱት ግምቶች ጋር ቆጥሮታል። ግምቱ ግን ዋጋ አስከፍሏል፤ ዝምታው ሲረዝም ሞቷል ወይም ታስሯል ተብሎ ብዙ ድካም በሌላ አቅጣጫ ባክኗል።

«መጽሐፉ ነው ያስያዘው»

ጸሐፊዋ ሚሼል ማክናማራ «ጎልደን ስቴት ገዳይ» የሚለውን ስም በ2013 አወጣችለት። ስለ እሱ የምትጽፈው መጽሐፍ ሳያልቅ በ2016 በሞት ተለየች፤ ሌሎች ጨርሰውት በፌብሩዋሪ 2018 ታተመ። ሰውየው ከሁለት ወር በኋላ ተያዘ። መገጣጠሙ ነው ወሬውን የወለደው። የሳክራሜንቶ ሸሪፍ በጋዜጣዊ መግለጫቸው ከመጽሐፉ ወደ ገዳዩ ያደረሰ መረጃ አለመገኘቱን፣ ነገር ግን ጉዳዩ እንዳይረሳ መርዳቱን ተናግረዋል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለተኛውን አቅልዬ አላየውም። መዝገብ የሚጠይቀው ሰው ሲያጣ ነው የሚሞተው።

«ተያዘ፣ ፍትሕም ተሟላ»

በካሊፎርኒያ ግድያ ይርጋ የለውም፤ በ1970ዎቹ የተፈጸመው አስገድዶ መድፈር ግን ነበረው። በ2016 የወጣ ሕግ ይርጋውን አነሣ፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ግን አይሠራም። ስለዚህ ዲያንጄሎ የደፈራቸው 50 ያህል ሴቶች፣ ዲኤንኤውም ሰውየውም ተገኝተው ሳለ፣ በመደፈራቸው ክስ ማቅረብ አልቻሉም። ዐቃቤ ሕጎች ያገኙት ቀዳዳ ድርድር ነበር፤ የሞት ቅጣት ይቀርለታል፣ እሱ በ13ቱ ግድያዎች ጥፋተኝነቱን ያምናል፣ ከዚያም በላይ ያልተከሰሰባቸውን ወንጀሎች ሁሉ በአደባባይ ያምናል።

ጁን 29 ቀን 2020 ችሎቱ በኮሮና ምክንያት በአንድ ዩኒቨርሲቲ ትልቅ አዳራሽ ተሰየመ። እሱ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጧል። በኦገስት ተጎጂዎቹ ለሦስት ቀን እየተነሡ ፊት ለፊቱ ተናገሩ፤ ከዚያም በአመክሮ የማይፈታ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። እኔ ግን የማስታውሰው የጁኑን ቀን ነው። ዐቃቤ ሕጎች እየተቀባበሉ እያንዳንዱን ቤት፣ እያንዳንዱን ሌሊት ለሰዓታት አነበቡ። በይርጋ የታገደው ሲደርስም አልዘለሉትም። አንድ በአንድ ቆም እያሉ ጠበቁት፤ እሱም በደከመ ድምፅ፣ ለእያንዳንዷ ሴት፣ «አምናለሁ» አለ።