ሞተረኛው በስምጥ ሸለቆ ዝናብ

ዓለም ጤና ላይ ዝናብ በድንገት አይመጣም፤ ሳይዘጋጅ የሚያዘው ሰው ነው። ከተማዋ ከሞጆ ወደ መቂ በሚወስደው መንገድ፣ ዐይን እስኪታክት በተዘረጋው የስምጥ ሸለቆ ሜዳ ላይ ናት። በስተሰሜን 2,989 ሜትር ከፍታ ያለው ዝቋላ አናቱን በደመና ሲከናነብ ከሩቅ ይታያል፤ ከቆቃ ሐይቅ ማዶ የሚወርደው ዝናብም እንዲሁ። ሞተር ላይ ያለው ሰው ግን ጀርባውን ፀሐይ እየጠበሰችው ስለሆነ፣ መቂ እስኪገባ የማይደርስበት ይመስለዋል። የዝናብ ልብሱ ከኋላው በከመነዳሪ ጥፍር ተደርጎ ታስሯል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እሱም፣ የታሰረው ልብስም፣ ኪሱ ውስጥ ያለው ሊብሬም እኩል ይርሳሉ።

በዚህ መንገድ በሞተር የሚመላለሰው ሰው ዓይነቱ ብዙ ነው። ከቀበሌ ቀበሌ የሚዞር የግብርና ባለሙያ አለ፤ የእንስሳት ሐኪም አለ፤ የመቂን ሽንኩርትና ቲማቲም ለማስጫን ከማሳ ማሳ የሚሮጥ ነጋዴ አለ። መስመሩ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚያወርድ ስለሆነም ከካይሮ ተነሥተው ኬፕታውን ለመድረስ አፍሪካን የሚያቋርጡ የውጭ አገር ሞተረኞች ዕቃቸውን በአሉሚኒየም ሣጥን ጭነው ብቅ ይላሉ። እንግሊዛዊው ቴድ ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1973 ከለንደን ተነሥቶ በ500 ሲሲ ትራይምፍ ዓለምን ሲዞር ኢትዮጵያን አቋርጧል። ተዋናዩ ኢዋን ማክግሬገርና ጓደኛው ቻርሊ ቡርማንም እ.ኤ.አ. በ2007 ከስኮትላንድ እስከ ኬፕታውን በቢኤምደብሊው ሲጓዙ አገራችን መንገዳቸው ነበረች። የእነዚህ መንገደኞች ልብስ ዋጋ አንድ የአገራችን ሞተር ሊገዛ ይችላል። ውኃው ግን ልብሱ ውድ ነው ብሎ አያልፍም፤ ፈረንጁንም የአካባቢውን የግብርና ባለሙያም የሚያረጥበው በአንድ ዓይነት ቀዳዳ ገብቶ ነው።

ስምጥ ሸለቆ በደረቅነቱ ስለሚታወቅ ብዙ ሰው ዝናቡን ይንቀዋል። እርግጥ እንደ ደጋው ሲያካፋ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። የዓመቱ ዝናብ ትልቁ ድርሻ በሐምሌና በነሐሴ ተጠቃልሎ ይወርዳል፤ እሱም በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ። ሜዳው እስከ ቀትር ሲግል አየሩ እየሞቀ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከፍ ሲል ይቀዘቅዛል፣ ደመናው ይቆለላል፣ ከዚያ በኋላ መብረቅና በረዶ ቀላቅሎ በአንድ ጊዜ ይዘረግፈዋል። ስለዚህ ከአዳማ ተነሥቶ ሻሸመኔ ለመግባት ያሰበ ሰው የሚሻለው ጠዋት በማለዳ መውጣት ነው። ከማንኛውም የዝናብ ልብስ ይልቅ ይህ ያደርቃል፤ ለዚያውም በነፃ።

የአሰላው መንገድ ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን አሰላ 2,400 ሜትርን ታልፋለች። በመካከላቸው ያለው 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በስስ ሸሚዝ ከአዳማ የወጣ ሞተረኛ ኢተያን አልፎ አሰላ ሲገባ አምስት ዲግሪ ያህል አጥቷል። በዚያ ላይ ከረጠበ ነገሩ ከምቾት ያልፋል።

ለምን ቢባል፣ ነፋሱና ውኃው ተባብረው ስለሚሠሩ ነው። የሙቀት መጠኑ 10 ዲግሪ በሆነበት ቦታ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው፣ ደረቅ ሆኖ እንኳ፣ ፊቱ ላይ የሚሰማው ቅዝቃዜ የ4 ዲግሪ ያህል ነው። ልብሱ ከራሰ ደግሞ ውኃው ከአየር ከ20 ጊዜ በላይ ፈጥኖ ሙቀት ያስተላልፋል። ልብስ የጠጣው አንድ ሊትር ውኃ ተንኖ ለመድረቅ 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይፈልጋል፤ ሞተር ላይ ላለ ሰው ከዚህ ሙቀት ብዙውን የሚከፍለው ገላው ነው። መጀመሪያ ጣት ይደነዝዛል። ፍሪሲዮንና የፊት ፍሬን የሚያዙት በጣት እንደሆነ ያስታወሰ ሰው፣ ደርቆ መጓዝ የቅንጦት ጉዳይ አለመሆኑን አያጣውም።

ውኃ ብዙ ጊዜ ጨርቁን በስቶ አይገባም። የሚገባው በመጋጠሚያ ነው፦ በአንገት፣ በእጅጌ፣ በወገብ፣ በጉያ፣ በቁርጭምጭሚት። ይህን የአገራችን ሰው ሞተር ሳይመጣ ያውቀዋል። የደጋ እረኛ የሚደርበው፣ ከሳር የሚሠራው ገሳ አንድም ውኃ የማያስገባ ነገር የለበትም፤ ሳሩ በሳር ላይ ወደ ታች ስለሚደራረብ ጠብታው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ምድር ይወርዳል። የጎጆ ክዳንም በዚሁ ሥርዓት ነው የሚከደነው። ሞተረኛ ልብሱን ሲለብስ ያንን የክዳን ሥርዓት ቢከተል ግማሽ መንገድ ሄዷል። ሱሪው ከቦቲው ላይ መውረድ አለበት እንጂ ቦቲው ውስጥ መጠቅጠቅ የለበትም፤ የተጠቀጠቀ እንደሆነ ከጉልበት የሚወርደው ውኃ በሙሉ ቦቲው ውስጥ ይጠራቀማል። ጃኬቱ ከሱሪው ወገብ በደንብ ዝቅ ማለት ይኖርበታል፤ ሰው ሴላ ላይ ሲቀመጥ ጃኬት ወደ ላይ ስለሚሰበሰብ ቆሞ ሲለካው የበቃው ተቀምጦ ያጥራል።

እጅጌ ያከራክራል። ከፊሉ ጓንቱን ከእጅጌው በላይ፣ ከፊሉ ከእጅጌው በታች አድርግ ይላል። ከትከሻ የሚወርደው ውኃ ወደ እጅ ነው የሚሄደው፤ ነፋሱ ደግሞ ከእጅ ወደ ክንድ ይገፋዋል። ክርኑ ከመሪው ከፍ ብሎ ቀጥ ብሎ ለሚቀመጥ የአገራችን ሞተረኛ፣ አጭር ጓንት ከሥር ሆኖ እጅጌው ከላይ ቢወርድና አፉ በላስቲክ ጥብቅ ቢል ይሻላል። ከሁሉም አስቸጋሪው ግን ጉያ ነው። በተቀመጠ ሰው ጭን መካከል ውኃ ይቋጥራል፤ የሱሪው ዚፕና አራቱ ስፌት የሚገናኙትም እዚያው ነው። ውድ የሚባሉት ልብሶች እንኳ መጀመሪያ የሚሸነፉት በዚህ ቦታ ስለሆነ፣ የዝናብ ሱሪ የሚገዛ ሰው ሌላውን ሁሉ ትቶ ጉያው ላይ ስፌቱ ከውስጥ በቴፕ መታሸጉን ይይ።

ጨርቁን በተመለከተ ዓለም ረጅም ጊዜ ለፍቶበታል። ስኮትላንዳዊው ቻርልስ ማኪንቶሽ እ.ኤ.አ. በ1823 በሁለት ጨርቅ መካከል ጎማ አጣብቆ ውኃ የማያስገባ ልብስ አስመዘገበ፤ ውኃ አይገባበትም፣ ላብም አይወጣበትም። በኋላ እንግሊዞች ሰም የጠጣ ጥጥ ለሞተረኛ አለበሱት፤ ባርበር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1936 ለሞተር ውድድር የሠራው ልብስ እስከ ዛሬ ዝነኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካዊው ቦብ ጎር ጎርቴክስ ለተባለው ጨርቅ መነሻ የሆነውን ስስ ሽፋን አገኘ፤ ቀዳዳዎቹ የውኃ ጠብታ የማያስገቡ፣ የላብን ተን ግን የሚያስወጡ ናቸው። ግሩም ነገር ነው። ነገር ግን ላቡን ለማስወጣት ውስጡ ከውጭው ይበልጥ ሞቃትና እርጥብ መሆን አለበት፤ በወበቃማ የመቂ ከሰዓት ይህ ልዩነት ስለሚጠብ ያ ሁሉ ጥበብ እምብዛም አይረዳም።

ስለዚህ ከአዳማ ገበያ የሚገዛው ተራ የላስቲክ ጃኬትና ሱሪ እንደሚታሰበው የሚናቅ አይደለም። ላብ ያስይዛል፣ ቶሎ ይቀደዳል፤ ቢሆንም ውኃ አያስገባም። አንድ ቁጥር ሰፋ ያለ ቢገዛ ሌላ ልብስ ከሥሩ ያስይዛል። እንደ ድንኳን ተንጠልጥሎ የሚለበሰው ኬፕ ግን ለእግረኛ እንጂ ለሞተረኛ አይሆንም፤ ነፋስ ሲሞላው ይነሣና ፊት ይሸፍናል፣ ጫፉም ካቴና ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከኋላ የምትቀመጥ እናት ነጠላዋን፣ አባትም ጋቢውን ሳይሰበስብ መነሣት ደግሞ በዝናብም በፀሐይም አደጋ ነው። ጋቢ ጥጥ ስለሆነ ከራሰ ይከብዳል፣ ያቀዘቅዛልም። የሱፍ ሹራብ ግን ረጥቦም ቢሆን የተወሰነ ሙቀት ይይዛል፤ የመንዝ ሰው በርኖስን ከሱፍ ማሠራቱ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ቦቲ የሌለው ሰው ካልሲው ላይ ፌስታል አጥልቆ ጫማውን ያደርጋል። ዘዴው ይሠራል፤ ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ስለሚከለክል ዕድሜው አጭር ነው። በገበሬው አገር የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ የሚገኘው ወፍራም ላስቲክ ታጥቦ ለዚህም፣ ስልክና መንጃ ፈቃድ ለመጠቅለልም ያገለግላል።

ልብሱ መቼ ይለበስ? ዝናቡ ሳይጀምር። በረጠበ ልብስ ላይ የተደረበ ላስቲክ እርጥበቱን አፍኖ ያቆየዋል እንጂ አያደርቅም። ስለዚህ የዝናብ ልብሱ ከዕቃ ሁሉ በላይ፣ እጅ የሚደርስበት ቦታ ይታሰር። ለመልበስም ሆነ ለመጠለል ማደያ ወይም ቤት ይፈለግ። ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ግራር ጥላው ቢያምርም መብረቅ ባለበት ሰዓት ከሥሩ መቆም ሕይወት ያስከፍላል።

ከላይ የሚወርደው ብቻም አይደለም የሚያረጥበው። ሞጆ የአገሪቱ ትልቁ ደረቅ ወደብ ያለባት ስለሆነች በአካባቢዋ ያለው መንገድ ከባድ መኪና በከባድ መኪና ነው። ከጎማቸው የሚረጨው ውኃ ዘይትና ጭቃ የተቀላቀለበት ነው፤ የሄልሜቱን መስታወት በአንዴ ያጨልመዋል። ከኋላቸው መራቅ ብቸኛው መፍትሔ ነው። መስታወቱ ከውስጥ በትንፋሽ እንዳይሸፈን ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በስሱ ቀብቶ በደረቅ ጨርቅ ማሸት ይረዳል። ዝናብ ሲጀምር ያሉት የመጀመሪያ ደቂቃዎችም የከፉ ናቸው፤ አቧራውና የፈሰሰው ዘይት ገና ስላልታጠበ አስፋልቱ ያንሸራትታል።

በገጠር ሥራ የሚታወቀው ያማሃ ኤጂ ሲሠራ ይህ ሁሉ ታስቦበት ነበር፤ ካቴናው ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ነው፣ ከፊትም ከኋላም ዕቃ ማሰሪያ አለው። ካቴናው ገላጣ የሆነ ሞተር ከዝናብ በኋላ ዘይት ይፈልጋል። ከፊት ፓራፋንጎ በታች የምትንጠለጠል አንዲት ቁራጭ ጎማም ወደ እግር የሚረጨውን ጭቃ ብዙውን ታስቀራለች።

ባቱ ወይም ሻሸመኔ አድሮ የሚቀጥል ሰው የራሰ የቆዳ ጫማና ጓንቱን ከሰል ምድጃ አጠገብ አያስቀምጥ፤ ቆዳው ደርቆ ይሰነጠቃል። ጋዜጣ ጠቅጥቆበት ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ቢሰቅለው ይሻለዋል።

ልብሱ የሚፈተነውም ሰኔ ሳይገባ በቤት ነው። ሙሉውን ለብሳችሁ፣ ሄልሜቱንም አድርጋችሁ፣ ቆሞ ባለው ሞተር ላይ እንደምትነዱ ሆናችሁ ተቀመጡ፤ ሌላ ሰው ከአንገት ጀምሮ አንድ ጀሪካን ውኃ ቀስ እያለ ያፍስስባችሁ። የረጠበው ቦታ የትኛው እንደሆነ ያኔውኑ ታውቁታላችሁ፤ ልብስ ሰፊ ጋ የምትወስዱትም እሱን ነው።